የተበላው አክስል

ፈንታው በረንዳው ላይ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ነው የሰማው። እሱና ባለቤቱ የዝና የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች ከታላቅ ወንድሟ ከታረቀኝ ሳሎን ጋር በአንድ ቺፑድ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለዩት፤ ታረቀኝ ደግሞ ስልክ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅበትም። «ኦፕሬተሩ ነው ያጠፋው» ይላል፤ «ከልኩ በላይ ጭኖ በቁልቁለቱ ለቀቀው። ማሽኑማ ምን ወጣለት! ሙሉ ሰርቪስ ተደርጎለታል። የገዛ አማቼ ነው የሠራው፤ እንዲያውም ዛሬ ይዤው እመጣለሁ፤ ራሱ ይነግራችኋል።» ፈንታው ሳሙናው እጁ ላይ እንደ ደረቀ ቆመ። ያንን የታረቀኝን ሎደር መጨረሻ የነካው ከፋሲካ በፊት ነው። ያን ጊዜ ለታረቀኝ የነገረው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የፊት ግራ ጎማው አክስል ጫፉ ተበልቶ ቀጥኗል፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔት ይዋልላል፣ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ገብቶ በብየዳ ተሞልቶ እስኪስተካከል ድረስ ማሽኑ ከቆመበት ንቅንቅ እንዳይል። ታረቀኝም «ሌላ ቦታ አሠራዋለሁ» ብሎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ወሬውን አልሰማም።

ወደ ቤት ሲገባ የዝና የመምህርነት ጋውኗን እየተኮሰች ነበር። ሰምታለች። መስማቷን ያወቀው ካውያው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ስለቆየ ነው፤ ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ነው ያነሳችው። ቀና ብላ አላየችውም። በዚህ ቤት ስለ ታረቀኝ ብዙ አይወራም። ኪራዩ የዘመድ ዋጋ ነው፤ ጎረቤት ያሉት የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ለአንድ ክፍል የሚከፍሉትን እነሱ ለሁለቱም አይከፍሉም። ፈንታው የሚሠራበት ጋራዥም ቦታው የታረቀኝ ነው፣ ፈቃዱም በታረቀኝ ስም ነው። ዋጋው ዝቅ ባለ ቁጥር ድምፅም አብሮ ዝቅ ማለት እንዳለበት ማንም ሳይነግራቸው ነው የለመዱት።

ታረቀኝ ሳያንኳኳ ገባና ፈንታው ሁልጊዜ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰውነት አለው፤ ሲቀመጥ ክፍሉ ይጠባል። የዝና ሻይ ቀዳችለት። ዳቦ ቆርሶ እየበላ ነገሩን በአጭሩ አወራው። ትናንት ከባምባሲ ወዲህ ያለችው ቀበሌ መውረጃ ላይ ሎደሩ ጎማው ወልቆ ከመንገድ ወጥቷል። የቀበሌውን የውሃ ቦኖ ጥርምስ አድርጎታል። ቀጂዎቹ ከመበተናቸው በፊት ቢሆን ኖሮ ሌላ ጉድ ይመጣ ነበር። ኦፕሬተሩ አልአሚን ፖሊስ ጣቢያ ነው ያደረው። «የፖሊስ መርማሪ ከዚሁ ከአሶሳ ይላካል እየተባለ ነው። እሱ ከመድረሱ በፊት ፈትተህ፣ አጥበህ፣ አዲስ ኩሽኔት አስገብተህ ማቆም አለብህ። ዕቃውን ገዝቼዋለሁ፤ መኪናው ላይ ነው።»

«ሰውየው ተጎድቷል?» አለች የዝና። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ግንባሩን ትንሽ።»

«ልጆች አሉት?»

ታረቀኝ እንዳልሰማ ሆኖ ሻዩን ጨለጠ። የዝና ጋውኗን ደርባ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። የቀርከሃው አጥር በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ተሰማ።

ፒክአፑ ውስጥ ታረቀኝ ስለ ናፍጣ ሰልፍ አወራ፤ ስለ ዝናቡ አወራ፤ ወደ ቶንጎ የሚሠራው መንገድ ክረምቱ ሳይገባ ካላለቀ ተቋራጩ የሎደሩን ኪራይ ሊያቋርጥበት እንደሚችል አወራ። ወሬው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን አንዱም ፈንታው ሊሰማ የሚፈልገው ወሬ አልነበረም። ከከተማው ወጥተው የማንጎ ዛፎቹ መሳሳት ሲጀምሩ አላስችል አለው።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ስልክ ላይ ያልከውን ሰምቻለሁ። እኔ ሰርቪስ አላደረግኩም። አይንቀሳቀስ ነው ያልኩት።»

«ቃል ነው እንጂ ምን አለበት? አንድ ቃል ብትናገርልኝ ምን ትሆናለህ?»

«ሰውየው ታስሯል እኮ።»

«ይፈታል። ሰው ታስሮ ይፈታል። እኔ ኪራዩ ከተቋረጠ የባንክ ብድሩ ቤቱን ይወስደዋል፤ ቤቱ ሲሄድ ደግሞ እናንተም አብራችሁ ናችሁ።» ይህን ሲናገር አልተቆጣም። ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር። ፈንታው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሎደሩ በአፍንጫው ተደፍቷል። አካፋው የቦኖውን ሲሚንቶ ሰንጥቆ ገብቷል፤ የተገነጠለው ቧንቧ በጎማ ላስቲክ ታስሮ ቢቋጠርም ውሃው ከሥሩ እየመነጨ መንገዱን አጭቅይቶታል። ጎማው ራቅ ብሎ ማሽላ ማሳ ውስጥ ተጋድሟል። ሴቶች ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ታረቀኝ ከመኪናው ሲወርድ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ቦኖውን የምትጠብቀው ራኪያ፣ ረዘም ያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ የጠመጠመች ሴት፣ ቀድማ መጣች። «ውሃ ማን ያስተካክላል? አልአሚን ሰበረ፣ አልአሚን ታሰረ፣ ውሃ ግን የለም» አለች። ታረቀኝ «ይሠራል፣ ይሠራል» እያለ በእጁ ገፋ አደረጋትና ቃሉን ሊሰጥ ወደ ጣቢያው ነዳ። ፈንታውን ከመፍቻዎቹና ከአዲሱ ኩሽኔት ካርቶን ጋር እዚያው ጥሎት ሄደ።

ፈንታው በሁለት ክሪክ ማሽኑን ቀና ለማድረግ ብቻ ረፋዱን ጨረሰ። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ክሪኩ ይሰምጣል። ከሥሩ ድንጋይ ቢያስገባ ድንጋዩ ተንሸራተተ፤ ጣውላ ለምኖ ቢያመጣ ጣውላው ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ሴቶቹ ከተሰበረው ቦኖ የሲሚንቶ ፍርካሽ እየተሸከሙ አመጡለት፤ እየተራገሙ ነው ያመጡለት። ማንን እንደሚራገሙ ግን አልገባውም፤ ቋንቋው በርታኛ ነው። ማሽኑ ሲቆምለት ጎማው በወለቀበት በኩል ተንበረከከና የተቃጠለውን ግራሶ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ሽታው ገና አፍንጫ ይሰነጥቃል። ብረቱ ከመጋሉ የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል። የኩሽኔቱ ውጭኛ ቀለበት ተፈርክሷል፣ እንክብሎቹ ተበትነዋል፤ የውስጠኛው ቀለበት ግን አክስሉ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። በቀለበቱና በአክስሉ መካከል አንድ ስስ ነገር ወደ ውጭ ብቅ ብሏል። በጥፍሩ ነካው። ቢጫ ቀለም አለው። ጠጋ ብሎ ሲያይ ግማሽ የሱፍ አበባ ስዕል አየ።

ቆርቆሮ ነው። የምግብ ዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ተቆርጦ፣ በተበላው አክስል ላይ ተጠምጥሞ፣ ኩሽኔቱ በላዩ በመዶሻ ገብቷል። የሚዋልለውን እንዲያጠብቅ። ለአንድ ሳምንት ያጠብቃል። ከዚያ ቆርቆሮው ይደቅቃል፣ ኩሽኔቱ ይሞቃል፣ ይነክሳል፣ ይሰበራል፤ ጎማውም የፈለገበት ይሄዳል። ያን ሁሉ ቶን የሚሸከም ብረት ገበያ ላይ በሚጣል ጣሳ! ፈንታው ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ከፋሲካ በፊት የተናገረው እያንዳንዱ ቃል ትዝ አለው፤ ታረቀኝ እያዳመጠው ራሱን ይነቀንቅ የነበረበት ሁኔታም። እንዲህ የሚያናድድ ነገር የለም። ጭራሽ ሳይሰማ ቢቀር ይሻል ነበር፤ ተሰምቶ መተው ግን ሌላ ነው። መዶሻውን አንስቶ በሎደሩ ጎን ላይ በኃይሉ ሁሉ መታው።

ራኪያ መጥታ ከጎኑ ጎንበስ አለች። «ምንድነው?»

አሳያት። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደገባ በቀላል አማርኛ፣ በእጁም እያሳየ ነገራት። ጠጋ ብላ ቆርቆሮውን በጣቷ ነካችው።

«ይሄ ቆርቆሮ እኔ አውቃለሁ» አለች። «ገበያ ዘይት የሚሸጠው እኔ ነው። ይሄ የዘይት ነው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «አልአሚን ይሄን አስገባ?»

«አልአሚን ነጂ ነው። ይህን የሚያደርግ ነጂ አይደለም።»

ራኪያ ወደ ሌሎቹ ዞራ በበርታኛ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ከመካከላቸው አንዷ በጄሪካኗ ላይ ቁጭ አለች። ሌላዋም ተቀመጠች።

ታረቀኝ ሲመለስ ከመንገድ ሥራው ድንጋይ መፍጫ አንድ በያጅ ይዞ ነበር። ፈንታው አላወቀውም፤ በያጁ ግን አክስሉን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ ፈንታውም ቆርቆሮውን ያስገባው እሱ መሆኑን ያኔ አወቀ። ሰውየውን ሊጠላው ፈልጎ አልቻለም። አሠሪው «ዛሬውኑ» ብሎ ከራሱ ላይ ቆሞበት መሆን አለበት።

«ምን ይጠበቃል?» አለ ታረቀኝ። «አውጣውና አዲሱን አስገባ።»

«አላወጣውም። መርማሪው እንዳለ ይየው።»

«ፈንታው፣ ሰው ፊት አታሳፍረኝ።»

«እኔ ሰርቪስ አድርጌዋለሁ ብለህ ስሜን ስትሰጥ አላፈርክም?» ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ።

ታረቀኝ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ከዚያ ፊቱን ወደ በያጁ መለሰና «አንተ ፍታው» አለ። በያጁ መፍቻ ሊያነሳ ሲል ራኪያ ጄሪካኗን አክስሉ ጫፍ ሥር አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ጀርባዋን ለብረቱ፣ ፊቷን ለታረቀኝ። «ውሃ እስኪመጣ እኔ እዚህ ነው» አለች። የተቀሩትም መጥተው ከበቧት። ማንም አልጮኸም። በያጁ መፍቻውን ወደ ነበረበት መለሰ። ፈንታው ቆርቆሮውን በስልኩ ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳና ወደ አስፋልቱ ወጥቶ የመጀመሪያዋን ባጃጅ አስቆመ።

ጣቢያው ውስጥ ተረኛው ምክትል ሳጅን ቦዔዝ ይባላል። ፎቶዎቹን በትዕግሥት አየ፤ ቆርቆሮው ያለበትን አሳድጎም አየ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ማስረጃ ነው አልልህም፤ አይደለምም አልልህም» አለ። «የቴክኒክ መርማሪው አይቶ ይወስናል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«መኪና ሲያገኝ።»

«መቼ ያገኛል?»

ሳጅኑ ትከሻውን ሰበቀ። «ባለ ንብረቱ ኦፕሬተሩ ነው ብሎ ቃል ሰጥቷል። መካኒኩም ይመሰክራል ብሏል። መካኒኩ አንተ ነህ መሰለኝ?»

ፈንታው በወረቀት ላይ የራሱን ቃል አጻፈ። ሲጨርስ የተለየ ነገር ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ በር ይከፈታል፣ ሰው ይጠራል ብሎ። ሳጅኑ ወረቀቱን ከሌሎቹ ላይ አኖረው፤ በቃ። አልአሚን የደመወዝ ዋስ ካመጣ ዛሬውኑ እንደሚለቀው ነገረው፤ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከመሥሪያ ቤት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጋር። ፈንታው መታወቂያውን አወጣ። ሥራ፦ የግል። የንግድ ፈቃድ? የታረቀኝ። የቤት ካርታ? የታረቀኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ከባድ ማሽን ከጭቃ ሲያነሳ ኖሮ፣ አንድ ሰው ከዚህች ክፍል ለማስወጣት የሚበቃ ወረቀት በስሙ የለም። ሊስቅ ፈለገ፤ ጥርሱን ነው ያፋጨው።

አልአሚንን በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል አናገረው። ግንባሩ ላይ ፋሻ አለ፤ ደም ጠጥቶ ደርቋል። «ወላሂ ፍሬን ይዣለሁ» አለ አልአሚን። «ጎማው እሱ ብቻውን ሄደ። እኔ ፊት ለፊት ያየሁት ጎማው ሲሄድ ነው። ልጆች ከቦኖው አሁን ሄደዋል፣ አሁን! እኔ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ነው የማየው።» ፈንታው ስለ ቆርቆሮው ነገረው። አልአሚን ፍርግርጉን ያዘ። ከዚያ፣ «ድምፅ አለው ብዬ ነግሬዋለሁ» አለ። «ለታረቀኝ ሦስቴ ነግሬያለሁ። ዝም ብለህ ንዳ አለ።»

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሆኖ ስልኩን ደጋግሞ ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። የዝና ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የዝና የታረቀኝ እህትም ናት። አባታቸው ሲሞት ከፓዌ አምጥቶ ያስተማራት፣ ዩኒፎርም የገዛላት እሱ ነው፤ ሠርጋቸውንም የደገሰው እሱ ነው። ይህን ከእሷ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ደወለ። ነገራት፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ፋሻው፣ ስለ ዋሱ። ከኋላዋ ልጆች በአንድ ድምፅ ይቆጥራሉ። «ክፍል ውስጥ ነኝ» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አልሄድ አለው። ደመናው ከቶንጎ በኩል ተነሳ። የአልአሚን ሚስት በአረንጓዴ ፌስታል ምግብ ይዛ መጥታ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች፤ ትንሹ ልጇ ጭኗ ላይ ተኛ። ታረቀኝም መጣ፤ ፒክአፑን በሩ ላይ አቁሞ ሳይወርድ ስልክ ያወራል። ፈንታው በየዝና ተናደደ፣ ከዚያ በመናደዱ አፈረ፣ ከዚያ እንደገና ተናደደ። ከጠዋት ጀምሮ ያናገረው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። አንድም ነገር ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ከአሶሳ የመጣ ሚኒባስ አስፋልቱ ላይ ቆመ። የዝና ወረደች። ጋውኗ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ፤ እንዳይረጥብባት አንድ ነገር በደረቷ ሸጉጣለች። በወንድሟ መኪና አጠገብ ስታልፍ እርምጃዋን አልቀነሰችም፤ ሰላምም አላለችውም፤ ፊቷን ግን አላዞረችም፤ እያየችው አለፈች። ታረቀኝ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ወርዶ ተከተላት፤ በሩ ላይ ስትደርስም «የዝና» አለ፤ በልጅነቷ ሲጠራት እንደነበረው ነበር የጠራት።

ዞረች። «ጋሼ፣ ልጆች አሉት ወይ ብዬህ ነበር» አለች። ግድግዳው ሥር ወዳለችው ሴት በአገጯ አመለከተች። «ይኸው አለው።»

ገብታ ደብዳቤውን ለሳጅኑ ሰጠች። ሳጅኑ የተከሳሽን ስም፣ ከዚያ የከሳሽን ስም፣ ከዚያ የዋሷን የአባት ስም አነበበ። ቀና ብሎ አያት፣ ታረቀኝንም አየ፤ የጠየቀው ግን «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብቻ ነው። ፈረመች።

አልአሚን ሲወጣ ሚስቱ አላለቀሰችም፤ ፋሻውን ነካ አድርጋ የተኛውን ልጅ አሸከመችው። አልአሚን የዝናን ሊያመሰግን ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ በዝናቡ ውስጥ በእግራቸው ሄዱ። ፈንታውና የዝና አስፋልቱ ዳር ቆሙ። በዚህ ሰዓት ወደ አሶሳ የሚሄድ መኪና የለም። ታረቀኝ ሞተሩን አስነሳና መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ግቡ አላለም፤ ግን አልሄደም። ቆይተው፣ ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው፣ ገቡ። የዝና ከኋላ ተቀመጠች። ሎደሩ ጋ ሲደርሱ ታረቀኝ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሴቶቹ ላስቲክ ለብሰው አሁንም እዚያው ናቸው፤ ራኪያ ከቦታዋ አልተነሳችም። አላቆመም፤ አለፈ።

ግቢው ደርሰው ከመኪናው እንደ ወረዱ የዝና ወደ ክፍላቸው ገባች። ታረቀኝ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ በረንዳው ላይ ቆመ። «ከዚህ በኋላ አንድ ግቢ የምንኖር አይመስለኝም» አለ።

«እኔም አይመስለኝም» አለ ፈንታው።

ፈንታው ወደ ቤቱ ይገባል ብሎ ሲጠብቅ ታረቀኝ አልገባም። ትልቁ ሰውነቱ በበረንዳው መብራት ሥር ደክሞት ታየ። ወደ መሬት እያየ፣ ከአፉ እንዳይወጣ የታገለው በሚመስል ድምፅ፣ «ታዲያ ሎደሩን ማን ይሠራልኛል?» አለ።

ፈንታውን ንዴቱ እንደ አዲስ ከእግሩ ተነስቶ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ። ሰውየው የምሩን ነው የሚጠይቀው። ይብስ ያናደደው ደግሞ የራሱ ጭንቅላት ነው፤ አክስሉ እንዴት እንደሚወጣ፣ የትኛው ቶርኖ ቤት እንደሚሞላ፣ ኩሽኔቱ ከየት እንደሚገኝ እያሰበ ራሱን አገኘው።

«መርማሪው እንዳለ ካየው በኋላ፣ መጀመሪያ የቦኖውን ቧንቧ ታሠራለህ» አለ። «ከዚያ አክስሉ ቶርኖ ቤት ይገባል። መልሼ የምገጥመው ደግሞ የሚነዳው አልአሚን ከሆነ ነው። ሌላ ሰው ከሆነ፣ ሌላ ሰው ይግጠመው።»

ታረቀኝ ዞሮ ገባ፤ በሩንም አልወረወረውም፣ ገርበብ አድርጎ ነው የተወው። መልስ ይሁን አይሁን ፈንታው አላወቀም። ዝናቡ በቆርቆሮው ጣራ ላይ እየወረደ ትንሽ ጠበቀና ወደ ክፍሉ ገባ።

«ምን አለ?» አለች የዝና።

«ምንም።»

እሷ ግን ልብሳቸውን ልትከት ተንበርክካ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር እየጎተተች ነበር።